በር ተዘግቶባት ላደገች ልጅ የተጻፈ ምክር

የእህቴ ልጅ፣ «ከኮሮና ወዲህ ራሴን አላውቀውም፤ ሰውነቴንም አልወደውም» ብለሽ የጻፍሽልኝን አንብቤዋለሁ። እናትሽም ስጋቷን ነግራኛለች። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰውነት ማጎልመሻ በማስተማር ነው፤ ያኔ አንቺ የነበርሽበት ዕድሜ ላይ ያሉ ብዙ ሴት ልጆች በእጄ አልፈዋል። ስለዚህ እንደ አክስትም እንደ አስተማሪም የምመክርሽ አለኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብተሻል። በመካከል ያለፈው ጊዜ ምን እንዳደረገብሽ ሳትረጂ ራስሽን አትውቀሺ። በቁጥር ለይቼ የጻፍኩልሽም የሚጠቅምሽን እየመረጥሽ ደጋግመሽ እንድታነቢው ብዬ ነው።

1. በመጀመሪያ የተወሰደብሽን ነገር ለይተሽ እወቂ።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጋ ተማሪ ቤቱ ገባ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ወቅቱ ዓቢይ ጾም ነበር፤ የሚያዝያ 11ዱን ፋሲካም ቤተ ክርስቲያን ሄደን ሳናስቀድስ በየቤታችን አሳለፍነው።

እኛ አገር እንደ ስፔን ልጅ ከቤት እንዳይወጣ አልተከለከለም። እዚያ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስድስት ሳምንት ያህል ቤት ተዘግቶባቸው ከቆዩ በኋላ፣ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ ያውም ከቤታቸው አንድ ኪሎ ሜትር ሳይርቁ እንዲወጡ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2020 ነበር። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችንም ከቤታቸው 100 ሜትር እንዳይርቁ የታዘዙበት ሰሞን ነበር። እኛ ዘንድ የተዘጋው ትምህርት ቤቱ ነው። አንቺን ለመሰለች ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምታድግ የከተማ ልጅ ግን ከትምህርት ቤቱ ጋር እንቅስቃሴዋም አብሮ ተዘጋ። እስቲ አስቢው፤ ጠዋት እየተጣደፍሽ የምትሄጂበት መንገድ፣ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፉ፣ በእረፍት ሰዓት ሱዚው፣ ገመዱና አባሮሹ፣ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞችሽ ጋር እየተላፋችሁ የምትመለሱበት መንገድ። ማንም ስፖርት ብሎ አይጠራውም እንጂ አብዛኛው የቀን እንቅስቃሴሽ ይኸው ነበር። እሱ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀረ። እንግዲህ በአሥራ ሦስት ዓመትሽ ይህን ሁሉ በሌላ ነገር መተካት ያንቺ ኃላፊነት አልነበረም። «ሰነፍ ነኝ» የምትይውን ነገር ከዚህ በኋላ ከአፍሽ አልስማው።

ችግሩ ከበሽታው በፊትም የነበረ መሆኑን ደግሞ ልንገርሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ከ146 አገሮች የተሰበሰበ የ1.6 ሚሊዮን ተማሪዎች መረጃ መርምረው፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ወጣቶች 81 በመቶ የሚሆኑት በቂ እንቅስቃሴ እንደማያደርጉ አሳይተዋል። ከሴቶቹ 85 በመቶ፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ ማለት ነው። ወረርሽኙ የመጣው እንዲህ ባለ ዓለም ላይ ነው፤ የነበረውን አባባሰው።

2. ስለ ራስሽ ያለሽ ግምት ከብዙ ነገር የተሠራ መሆኑን አትርሺ።

ይህኛውን በዝግታ አንብቢው፤ ከሁሉም በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው እሱን ነው።

ሪቻርድ ሻቨልሰን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው ስለ ራሱ ያለው ግምት ከላይ ሲያዩት አንድ ቢመስልም ከሥሩ የተከፋፈለ ነው ይላሉ፤ በትምህርቱ ስለ ራሱ የሚያስበው ሌላ ነው፣ በሰው መካከል ሌላ፣ በስሜቱ ሌላ፣ በአካሉም ሌላ። ኬኔት ፎክስ የተባሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 የአካሉን ድርሻ ለብቻው አውጥተው በአራት ከፈሉት። አንደኛው በጨዋታና በስፖርት ያለን ችሎታ ነው። ሁለተኛው ጉልበት፣ ሦስተኛው የትንፋሽና የአካል ብቃት፣ አራተኛው ቁመናና መልክ ነው።

አሁን ወደ እነዚያ ወራት ተመለሺና አራቱን አንድ በአንድ ተመልከቺ። ችሎታሽን የምታዪበት ጨዋታ አልነበረም። ጉልበትሽን የሚፈትን ነገር አልነበረም፤ ቢኖርም ማንም አላየልሽም። እስክታለከልኪ ሮጠሽ፣ ጉልበትሽን ይዘሽ አጎንብሰሽ፣ ትንፋሽሽ ሲመለስ የሚሰማሽ ደስታ ቀረ። የቀረሽ አራተኛው፣ መልክ ብቻ ነው፤ እሱንም የምታዪው በመታጠቢያ ቤት መስተዋትና በስልክሽ ካሜራ ነበር። አራት ምስክር ሊቀርብበት የሚገባ ጉዳይ በአንድ ምስክር ተፈረደ።

ያውም በክፉ ዕድሜ ላይ። በአሥራ ሁለትና በአሥራ ሦስት ዓመት የሴት ልጅ ሰውነት ይለወጣል፤ ቁመት በድንገት ይመዘዛል፣ ዳሌ ይሰፋል፣ ገላ ሥጋና ስብ ይይዛል፣ ፊት ላይ ብጉር ይወጣል። ጤነኛ ዕድገት ነው። በደጉ ጊዜ ይህ ሁሉ የሚያልፈው በእኩዮች መካከል ነው። ሜዳችን ላይ በየዓመቱ አየው ነበር፤ አንዷ ቀድማ ትረዝምና ትከሻዋን ታጎብጣለች፣ ሌላዋ ገና የሕፃን ገላዋን እንደያዘች ትቆያለች፣ ሦስተኛዋ የዩኒፎርም ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ጥግ ትይዛለች። ያቺን ባለ ሹራብ መጀመሪያ ላይ አልጫናትም ነበር። ከተሰለፈች በኋላ ኳሱን ወደ እሷ አሻግር ነበር። አንዴ ትይዛለች፣ ሁለተኛውን ትስተዋለች፣ ሦስተኛውን ተንደርድራ ትቀልበዋለች። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሹራቡን ከሜዳው ዳር ከአቧራ ላይ አንስቼ «ያንቺ ነው?» ብዬ እሰጣታለሁ። መቼ እንደፈታችው እንኳ አታስታውስም። ስለ ዳሌዋ አንድም ቃል አልተናገርኳትም፤ ኳሱን ስትቀልብ ያየችው ነገር ነው ሹራቡን ያስፈታት።

አንቺ በዚያ ዕድሜሽ ይህን አላገኘሽም። የሌሎቹን ልጆች ገላ ሲለወጥ አላየሽም፤ ያየሽው የራስሽን ብቻ ነው፤ ከሱም ጎን በስልክሽ የሚመጣውን የተቀባባ የሰው መልክ። ታዲያ ራስሽን ባትወጂ ምን ይገርማል?

3. የሚቆጠር ነገር ያዢ።

ለራስ ያለ ግምት በቃል ምክር ብቻ አይመለስም። እኔም «ቆንጆ ነሽ» ብዬ አልሸነግልሽም፤ ቆንጆ መሆንሽን ባውቅም ቅሉ። ሮበርት ሶንስትሮም እና ዊሊያም ሞርጋን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1989 የጻፉት ነገር እኔ ሜዳ ላይ ካየሁት ጋር ይገጥማል። ሰው መጀመሪያ «ይህችን ትንሽ ነገር እችላለሁ» ይላል፤ ይህ ሲደጋገም «ሰውነቴ ብርቱ ነው» ወደ ማለት ይደርሳል፤ ቀስ በቀስም ስለ ራሱ በጠቅላላ ያለው ግምት ከፍ ይላል። መነሻው ትንሹ ነገር ነው።

እንግዲያው ከግድግዳ ጀምሪ። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቂ። መዳፎችሽን በትከሻሽ ከፍታና ስፋት ግድግዳው ላይ አሳርፊ። ከራስሽ እስከ ተረከዝሽ ቀጥ በይ፤ ወገብሽ አይለምጥ፣ መቀመጫሽም ወደ ኋላ አይውጣ። አየር እየሳብሽ ክርንሽን አጥፈሽ ደረትሽን ወደ ግድግዳው አስጠጊ፤ አየር እያስወጣሽ ገፍተሽ ተመለሺ። ስድስት ጊዜ ከቻልሽ ስድስት ብለሽ ደብተርሽ ላይ ጻፊ፣ ቀኑንም አብረሽ ጻፊ። በአንድ ቀን ልዩነት ድገሚው። ያለ ችግር አሥራ አምስት ስትደርሺ ግድግዳውን ትተሽ ወደማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ጠርዝ ውረጂ፣ ከዚያ ወደ ደረጃ፣ ከዚያ ወደ መሬት። እያንዳንዱ ዝቅ ያለ ቦታ ከበፊቱ ይከብዳል፤ ቁጥሩም መጀመሪያ ይቀንሳል። እንዳትደነግጪ። ለእግርሽ ደግሞ የምትኖሪበት ሕንፃ ደረጃ አለልሽ፤ ገመድም ካለሽ ምድር ቤት ወርደሽ ዝለይ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ይህ ለታናሽሽ ነው። አንቺ 18 ስላለፈሽ ያንቺ ልክ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። መመሪያው ጥቂት ማድረግ ምንም ካለማድረግ እንደሚሻልም በግልጽ አስቀምጧል፤ ሙሉውን ካልሞላሁ ብለሽ የጀመርሽውን አትተዪ።

በወረርሽኙ ጊዜ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ወጣቶች እንቅስቃሴያቸው ቀንሶ ስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ሰዓት መጨመሩን አሳይተዋል። እየተንቀሳቀሱ የቆዩት ደግሞ በስሜታቸውም ሆነ ስለ ራሳቸው በሚያስቡት የተሻሉ ሆነው የተገኙበት ጥናት ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር ነገሩ በሁለት በኩል ይሄዳል፤ ራሱን የሚወድ ሰው ለመንቀሳቀስ ይነሳል፣ የተንቀሳቀሰም ራሱን ይወዳል። አንቺ በየትኛው በኩል እንደምትጀምሪ አትጨነቂ። በእጅሽ ያለው እንቅስቃሴው ስለሆነ በእሱ ጀምሪ።

4. ለመክሳት ብለሽ አትጀምሪ።

ለመክሳት የምትሮጥ ልጅ በየቀኑ የምትጠይቀው ሚዛኑንና መስተዋቱን ነው፤ እነሱ ደግሞ ዛሬ የሠራሽውን ነገ አይነግሩሽም። ሳምንት ሮጣ ምንም ለውጥ ሳታይ ስትቀር ከበፊቱ ይልቅ ራሷን ጠልታ ትተወዋለች። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በልተሽ ተንቀሳቀሺ። በጾም ወቅት ቀለል አድርጊው፤ ሹሮውንም ምስሩንም አትቀንሺ። የወር አበባሽ ከቀረ ወይም ከተዛባ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ለእናትሽ መንገር ካፈርሽ ለእኔ ንገሪኝ።

5. የቤት ውስጥ ሥራ እንዳደከመሽ አውቃለሁ፤ ግን አይበቃሽም።

በእነዚያ ወራት አንቺ ተጎልተሽ አልዋልሽም። ልብስ አጥበሻል፣ ቤት ወልውለሻል፣ ሊጥ አቡክተሻል፣ ውኃ በጠፋ ቀን ጄሪካን ተሸክመሽ ደረጃ ወጥተሻል። ወንድምሽ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ኳሱን ይዞ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይወጣ ነበር፤ ብንቆጣውም ይወጣ ነበር። ማታ ሁለታችሁም ደክማችሁ ትቀመጣላችሁ። እሱ ያገባውን ጎል ያወራል። አንቺ የምታወሪው የለሽም። ጄሪካኑን አራተኛ ፎቅ ያደረሰ ክንድ ጎል ካገባ እግር በምን ያንሳል? በምንም። ግን ያንቺን ድካም ማንም «ጎበዝ» አላለውም፤ አንቺም ወድደሽ የገባሽበት አልነበረም።

ኤድዋርድ ዴሲ እና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች፣ ሰው ከሚሠራው ነገር ብርታት እንዲያገኝ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ፤ በራሱ ፈቃድ መግባቱ፣ እየቻለ መሄዱን ማየቱ፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰሩ። የወንድምሽ ኳስ ሦስቱንም ሰጥቶታል። ያንቺ ጄሪካን አንዱንም አልሰጠሽም። ለዚህ ነው እኩል ደክማችሁ እኩል ያላደጋችሁት። ይህን ለእናትሽም ነግሬያታለሁ። የቤቱ ሥራ ለሁላችሁም ይከፈል፣ አንቺም የራስሽ የሆነ ሰዓት ይኑርሽ። እረፍት ስትመጪ ይህን በትሕትና፣ ግን ሳታፍሪ ጠይቂ።

የምትተሳሰሪበትን ሰው ደግሞ አንቺው ፈልጊ። ጠዋት ብቻዬን ልሩጥ አትበይ፤ ጨለማው አለ፣ ለከፋው አለ። ከዶርም ጓደኞችሽ ሁለቱን አስነሺ። ፈጣኗ ዘገምተኛዋን ትጠብቅ፤ እየተነጋገራችሁ መሮጥ ካልቻላችሁ ፍጥነታችሁ ለጀማሪ በዝቷል ማለት ነው። አንዷ ቀርታ እንደሆነ ሌላዋ በር ታንኳኳ። ኮሮና የወሰደብሽ ከሁሉም በላይ ይህን በር የሚያንኳኳ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

6. «ወፍረሻል!» ለሚሉሽ።

እገዳው ላላ ሲልና ዘመድ መጠያየቅ ሲጀምር፣ ገና ከደጃፍ «ውይ! ወፍረሻል!» ያሉሽን አስታውሳለሁ። ዓይንሽ ወዲያው ወደ መሬት ነበር የሄደው። ሌላው ደግሞ «ምነው ከሳሽ፣ አሞሻል?» ይላል። አብዛኛው ሰው በፍቅር ነው የሚለው፤ ናፍቆቱን መግለጫ ሌላ ነገር ስለማይመጣለት። ይሁንና አሥራ ሦስት ዓመት ለሆናት ልጅ ያ ቃል ሸክም ነው። ለታላቅ ሰው ክፉ መልስ አትስጪ። «ደህና ነኝ እትዬ፣ ገመድ መቶ መዝለል ጀምሬያለሁ» በይና ወሬውን ወደምትችይው ነገር አዙሪው። እኛ ትልልቆቹ ደግሞ ይህን ሰላምታ መተው አለብን፤ በየለቅሶውና በየማኅበሩ እየተናገርኩ ነው።

7. ደራርቱ ካልሆንኩ አትበይ።

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ስንት ሴት ልጅ ከዚያ ወዲህ «እኔም እሮጣለሁ» ብላ ተነሥታለች! ሰለሞን ባረጋም ኦሎምፒኩ በወረርሽኙ ምክንያት አንድ ዓመት ከተገፋ በኋላ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2021 ቶክዮ ላይ ወርቁን ሲያጠልቅ እልል ብለናል። ኩራታችን ናቸው። ነገር ግን በአገራችን ሩጫ ከሜዳሊያ ጋር ብቻ ስለተሳሰረ፣ በክፍሏ ሰባተኛ የምትወጣ ልጅ «እኔማ አልሆንም» ብላ ትቀመጣለች። አስተማሪዎችም ፈጣኖቹን መርጠን ሌሎቹን ዳር የምናስቀምጥበት ልማድ አለ፤ ይህ ልማድ ጎጂ ነው። አንቺ ለራስሽ ነው የምትሮጪው። አዲስ አበባ ስትሆኚ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሚደረግበት እሁድ ውጪና ተመልከቺ፤ አባት ከልጁ ጋር፣ አሮጊት በነጠላቸው፣ ሕፃን በብስክሌት። እዚያ አሸናፊ የለም።

8. ስልክሽን በተመለከተ አጭር ነው ምክሬ። ቪዲዮ አይተሽ ስፖርት ከሠራሽ እሰየው። «በፊት እና በኋላ» እያሉ ገላቸውን የሚያሳዩትን ግን ከፊትሽ አስወግጂ። የራስሽንም ገላ ፎቶ እያነሳሽ አታነጻጽሪ፤ ደብተርሽ ላይ ያለው ቁጥር ይበቃሻል። ከስልኩ ሌላ፣ ድባቴ ተሰምቶሽ ሳምንታት ካለፈው፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለሽ ደግሞ ስፖርት ብቻውን አይፈታውምና ግቢሽ ውስጥ ካለው የምክር አገልግሎት ወይም ሐኪም ጋ ሂጂ። ይህም እንደ ማንኛውም ሕመም ይታከማል።

9. ታናናሾችሽን አስቢ።

በር የሚዘጋው በወረርሽኝ ብቻ እንዳይመስልሽ። ትግራይ ውስጥ በኮሮና የተዘጋው ትምህርት ቤት በላዩ ጦርነት መጥቶበት ልጆች ዓመታት ያለ ትምህርት ተቀምጠዋል። በአማራ ክልልም በግጭቱ ምክንያት ሚሊዮኖች ከክፍል ውጪ ሆነዋል። እነዚህ ልጆች ፊደሉን ብቻ አይደለም ያጡት፤ ሰውነታቸው ምን እንደሚችል የሚያዩበትን ሜዳም አጥተዋል። ስለ ትምህርቱ ብዙ ሰው ይጮኻል፤ ስለ ሜዳው የሚናገር ጥቂት ነው።

አንቺ በር ሲዘጋ ያየሽ ነሽ፤ ነገ ደግሞ አስተማሪ ወይም ሐኪም፣ ወይም የወረዳ ሹም ትሆኛለሽ። ቤት በተቀመጥሽባቸው ወራት በቴሌግራም የመጣልሽ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ወረቀት ነበር፤ «ዛሬ ከግድግዳ ስንት ሠራሽ?» ብሎ የጠየቀሽ አስተማሪ አልነበረም። እግዜር አያምጣውና ትምህርት ቤት ዳግመኛ ቢዘጋ፣ ከሒሳቡ ጋር የሰውነት ማጎልመሻውም ትምህርት ለልጆቹ እንዲደርስ፣ ለሴቶቹም በየሰፈሩ የሚጫወቱበት ሰዓትና ቦታ እንዲለይላቸው ጠይቂ። ወላጅ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ጠይቂ፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ፣ ጓደኞችሽንም ይዘሽ ሂጂ።